ፋየርዎሉ ሲቀየር ወሰኑ የት ሄደ?

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከቃሊቲ ወደ ዱከም በሚወስደው አሮጌው የአዳማ መንገድ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ገላንን አቋርጠው ያልፋሉ። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የማምረቻው ክፍል ሥራ አቁሟል፤ ቢሮዎቹም ተዘግተዋል። ጥግ ላይ ያለችው ጠባብ የሰርቨር ክፍል ግን ሰው አላጣችም። መደርደሪያው ላይ ሁለት ሳጥኖች አንዱ ከሌላው በላይ ታስረዋል። አንዱ ለዓመታት ያገለገለና አምራቹ ድጋፍ መስጠት ያቆመለት ፋየርዎል ነው፤ ሌላው ከሌላ አምራች የተገዛ ምትኩ።

የምሽቱ ሥራ የአሮጌውን የደኅንነት ፖሊሲ ወደ አዲሱ ማዛወር ነው። ሁለቱ አምራቾች ሩል የሚጽፉበት ቅርጽ ስለማይመሳሰል አንዱን አንብቦ በሌላው ቅርጽ የሚጽፍ ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙ ከሦስት መቶ በላይ መስመሮችን አንብቦ ጨረሰና ስህተት እንዳላገኘ አሳወቀ። ኬብሎቹ ወደ አዲሱ ሳጥን ተዛወሩ። ኢሜይሉ ገባ፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩ ተከፈተ፣ አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኘው ቪፒኤንም ተነሳ። ጸጉራቸው ገብስማ የሆነው የኔትወርክ ኃላፊ ጃኬታቸውን ማንሳት ሲጀምሩ፣ ወጣቷ ኢንጂነር ስልኳን በእንግዶች ዋይፋይ አገናኝታ የአንድ አድራሻ ቁጥር ጻፈች። የፋብሪካው የደኅንነት ካሜራዎች መቅረጫ የይለፍ ቃል መጠየቂያ ገጽ ስልኳ ላይ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ይኼ ከእንግዳ ዋይፋይ መከፈት አለበት እንዴ?»

«የለበትም። በየትኛው ሩል እንዳለፈ ሎጉን አውጪልኝ» አሏትና ጃኬታቸውን መልሰው ሰቀሉት።

ሎጉ የጠቆመው ማንም የማይጠረጥረውን ሩል ነበር። የቢሮ ሠራተኞች ወደ የትኛውም አድራሻ በ443 ቁጥር ፖርት፣ ማለትም በተለመደው የተመሰጠረ የድረ ገጽ መንገድ፣ እንዲወጡ የሚፈቅድ ነው። በአሮጌው ሳጥን ላይ የነበረው መስመር ወደ አዲሱ ሲመጣ አድራሻው አልተለወጠም፣ ፖርቱ አልተለወጠም፣ «ፍቀድ» የሚለውም እንዳለ ነው። መስመር በመስመር ያነጻጸረ ሰው ትክክል ነው ብሎ ይፈርምበታል። ስህተቱ ያለው መስመሩ ውስጥ ባልተጻፈ ነገር ላይ ነው።

አሮጌው ፋየርዎል ሩሎችን በዝርዝር በዝርዝር ነው የሚይዘው። በዝርዝሩ ውስጥ ከማን፣ ወደ ማን፣ በየትኛው ፖርት የሚለው ይጻፋል። ዝርዝሩ በየትኛው ኢንተርፌስ ላይ እንደሚሠራ የሚናገረው ግን ከሁሉም ርቆ ኮንፊጉ መጨረሻ አካባቢ የሚገኝ አንድ መስመር ነው። የሲስኮ ኤኤስኤ ፋየርዎሎች ላይ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። በዚህ ምክንያት «ከኤኒ» የሚለው መነሻ በአሮጌው ላይ ከዓለም ሁሉ ማለት አልነበረም፤ በቢሮው ኢንተርፌስ በኩል ከሚመጣ ከማንኛውም ማለት ነበር። በዞን የሚሠራው አዲሱ ፋየርዎል ደግሞ እያንዳንዱ ሩል መነሻ ዞኑንና መድረሻ ዞኑን ራሱ ተሸክሞ እንዲገኝ ይፈልጋል። ስለዚህ የዚያች የአንዷ መስመር ፍሬ ነገር በዝርዝሩ ባሉ ሩሎች ሁሉ ላይ መታደል አለበት።

ለፋብሪካው የውስጠኛ በር ጥበቃ «የመጣውን ሁሉ አሳልፍ» የሚል ወረቀት ቢሰጥ ጉዳት የለውም፤ እዚያ በር ጋ የሚደርሰው ሠራተኛ ብቻ ነውና። ያንኑ ወረቀት አንድ ፊደል ሳይለውጡ ለዋናው በር ጥበቃ የሰጡት እንደሆነ መንገደኛው ሁሉ ይገባል። በዚያ ምሽት የሆነው ይኸው ነው። ፕሮግራሙ የአሮጌውን ኢንተርፌሶች ከአዲሱ ዞኖች ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ እንዲሞላለት ጠይቆ ነበር። የቢሮው ኢንተርፌስ ረድፍ፣ የአዲሱ ፖርት ስም ገና ስላልተወሰነ፣ ባዶውን ቀርቷል። ፕሮግራሙም ባዶውን «ኤኒ» ብሎ ሞላው።

እንግዶች ወደ ውስጥ አድራሻዎች እንዳይደርሱ የሚከለክለው ሩል ግን አልጠፋም ነበር። አዲሱ ፖሊሲ ውስጥ በትክክለኛው ዞን፣ በትክክለኛው አድራሻ ተቀምጧል። በአሮጌው ሳጥን ግን ሁለቱ ዝርዝሮች በየራሳቸው ኢንተርፌስ ላይ ስለነበሩ አንዱ ከሌላው በፊት ወይም በኋላ ይመጣል የሚባል ነገር አልነበረም። በአዲሱ ላይ ሁሉም በአንድ ረድፍ ተሰልፈዋል፤ ከላይ ወደ ታች ሲነበብ መጀመሪያ የገጠመው ሩል ይፈርዳል። የቢሮው ፈቃድ ከላይ፣ የእንግዳው ክልከላ ከታች። መነሻ ዞኑ «ኤኒ» የሆነው ፈቃድ እንግዳውንም ስላነሳው ክልከላው ጋ የሚደርስ ትራፊክ የለም። ፖሊሲውን በዓይን የሚገመግም ሰው ክልከላውን አይቶ ልቡ ያርፋል። ከጠፋ ሩል ይልቅ እንዲህ ያለው አደገኛ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ የጠፋ ሩል ቢያንስ በቆጠራ ይገኛል።

ወጣቷ መፍትሔውን ቶሎ አየችው። «ክልከላውን ከሁሉም በላይ ላድርገውና እንሂድ?»

ኃላፊው አልተስማሙም። «እንግዳው ይዘጋል፤ እሺ። በቪፒኤን የሚገባው የጥገና ድርጅትስ? የማምረቻ ማሽኖቹስ? እነሱም በዚሁ ሩል ያልፋሉ እኮ። ቀዳዳው ያለው ፈቃዱ ላይ ነው፤ ክልከላ ብትደራርቢበት ያየሽውን ብቻ ነው የምትደፍኚው።»

ያሉት ልክ ነበር። ከጥገና ድርጅቱ የቪፒኤን ዞን ተነስታ ስትሞክር የካሜራው ገጽ አሁንም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡን ሞልተው የመቀየሩን ሥራ ከመነሻው ደገሙት። በቢሮው ዝርዝር ውስጥ የነበሩት ሩሎች ሁሉ መነሻ ዞናቸው ቢሮ ብቻ ሆነ፤ ክልከላው ከታች እንዳለ ሆኖ ሥራውን መሥራት ጀመረ። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛ ሲገባ አንድም ሰው ልዩነት አላስተዋለም። ያ ቀዳዳ ሳይገኝ ቀርቶ ቢሆን ኖሮም ሰኞ ጠዋት ማንም ልዩነት አያስተውልም ነበር። የዚህ ዓይነቱ ስህተት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ፖሊሲ ሲዛወር ወሰኑ ከጠበበ ስልክ ይደወላል፦ ፕሪንተሩ አልሠራም፣ ባንኩ አልተከፈተም፣ ክፍያ ቆመ። ወሰኑ ከሰፋ ሁሉም ነገር ይሠራል። ሁሉም ነገር ደግሞ ከሚገባው በላይ እየሠራ መሆኑን የሚነግረን የለም።

ሰዎችም ሳያውቁት ይህን ያባብሱታል። የአድራሻ ትርጉም፣ ማለትም የውጪ አድራሻን ወደ ውስጥ አድራሻ የሚለውጠው «ናት» (NAT) የሚባለው ሥራ፣ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። የሲስኮ ኤኤስኤ እስከ 8.3 ስሪት ድረስ ሩል የሚጻፈው በውጪ በሚታየው አድራሻ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ከወጣው 8.3 ጀምሮ በሰርቨሩ እውነተኛ የውስጥ አድራሻ ሆነ። ፓሎ አልቶ የተባለው የፋየርዎል አምራች ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል፤ አድራሻው ከትርጉም በፊት ያለው ሲሆን ዞኑ ግን ከትርጉም በኋላ ያለው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ከኤኤስኤው ላይ መስመሩን እንዳለ ሲያመጣው ሰርቨሩ ከውጪ አይከፈትም። ሰዓቱ መሽቷል፤ ሥራ አስኪያጁ ይደውላል። ያኔ መድረሻውን «ኤኒ» ሲያደርገው ይከፈታል፤ ነገ አስተካክለዋለሁ ይላል። የጠበበው ስህተት በሰፋ ስህተት ተተካ። አንድ ሰርቨር ብቻ መከፈት ሲገባው ከጀርባው ያለው ሁሉ ተከፈተ፤ ያ ነገም ብዙ ጊዜ አይመጣም።

የማስክ ነገርም አለ። በኤኤስኤ ላይ 10.20.5.0 የሚለውን ኔትወርክ ለመግለጽ 255.255.255.0 ይጻፋል። በዚያው በሲስኮ ራውተሮች የአክሰስ ሊስት ላይ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ 0.0.0.255 መሆን አለበት። እዚያ 255.255.255.0 ተጽፎ ከቀረ ራውተሩ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቁጥሮች ችላ ብሎ የመጨረሻው ቁጥር 0 የሆነውን አድራሻ ሁሉ ይመርጣል። ሩሉ ያለመው ክፍል ይቀርና ያላሰበው ይገባል። ይህን ዓይነቱን ስህተት የዛሬ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ይይዙታል፤ በእጅ የሚገለብጥ ሰው ግን ዛሬም ይሳሳተዋል።

በሊኑክስ ላይ የሚሠሩ አንባቢዎች ሌላ ዓይነቱን ሳያዩት አይቀሩም። የቆየው አይፒቴብልስ አይፒ ቪ4ን ብቻ ያስተዳድራል፤ ለአይፒ ቪ6 ለብቻው የሚጻፍ ሌላ ፖሊሲ አለ። ተተኪው ኤንኤፍቴብልስ፣ ከጥር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል 3.13 ውስጥ የገባው፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚይዝ ሠንጠረዥ ለመፍጠር ያስችላል። ዴቢያን በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው 10ኛ ስሪቱ ነባሪ አድርጎታል። አሁን «በ22 ቁጥር ፖርት የሚመጣውን ተቀበል» የሚል፣ አድራሻ ያልተጠቀሰበት የቆየ ሩል ወደዚህ የጋራ ሠንጠረዥ ቢገባ በአይፒ ቪ6 የሚመጣውንም ይቀበላል። በቀድሞው ቦታው አይፒ ቪ6ን ነክቶ አያውቅም ነበር። በዚያ ላይ በኤንኤፍቴብልስ «ተቀበል» የሚለው ፍርድ በተነገረበት ሰንሰለት ብቻ ነው የሚያበቃው፤ በዚያው መግቢያ ላይ ተራው ከኋላ የሆነ ሌላ ሰንሰለት ካለ እሱም ያየዋል። «ጣል» የሚለው ግን በዚያው ያበቃል። ፖሊሲውን ለማሳመር ብሎ በብዙ ሠንጠረዥ የከፋፈለው ሰው ፈቅጄዋለሁ ያለው ትራፊክ ሲጣል ግራ የሚጋባው በዚህ ነው።

የሶፍትዌር ኮንቴይነሮችን በሚያስተዳድረው በኩበርኔቲስም ይኸው የወሰን ችግር ታይቷል። በዚያ የኮንቴይነሮችን መብት የሚገድበው የፖድ ደኅንነት ፖሊሲ በ1.25 ስሪት፣ ነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ.፣ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ቀድሞ ፖሊሲው የሚሰጠው ለተጠቃሚ ወይም ለሰርቪስ አካውንት ነበር፤ የተካው አሠራር ደግሞ በኔምስፔስ ላይ በሚለጠፍ ምልክት ይወሰናል። በአንድ ኔምስፔስ ውስጥ አንዱ ጥብቅ፣ ሌላው ልል ፖሊሲ የነበራቸው ሁለት ሥራዎች አሁን አንድ ምልክት ይጋራሉ። ለልሉ ተብሎ ምልክቱ ከላላ ጥብቁም አብሮ ይላላል፤ መፍትሔው ሁለቱን በየራሳቸው ኔምስፔስ መለየት ነው።

ወደ ገላን ልመለስ፤ ምክንያቱም የዚህ አካባቢ መሥሪያ ቤቶች ለወሰን ስህተት የሚያጋልጥ የራሳቸው ነገር አላቸው። የኦሮሚያ ክልል በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባን የከበቡትን ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ገላንንና ሌሎችንም በአንድ ሸገር ከተማ ሥር አደራጅቷል። ሸገር 12 ክፍለ ከተሞች አሉት። ከእነሱ አንዱ ገላን ሲሆን ሌላው ገላን ጉዳ ነው። ትናንት አንድ ሙሉ ከተማን የሚጠራው ስም ዛሬ የአንድ ክፍለ ከተማ ስም ሆኗል።

በየቦታው ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት፣ ባንክም ይሁን አከፋፋይ ወይም የመንግሥት ቢሮ፣ የኔትወርክ አድራሻዎቹን የሚያቧድነው በቦታ ስም ነው። አሮጌው ፋየርዎል ውስጥ «ገላን» የሚል ቡድን አለ እንበል፤ የቀድሞውን ከተማ ቅርንጫፎች ሁሉ ይዟል። ከመዋቅሩ ለውጥ በኋላ የተገዛው ሌላ ፋየርዎል ውስጥም «ገላን» አለ፤ የክፍለ ከተማውን ብቻ። ሁለቱን ወደ አንድ ማዕከላዊ አስተዳደር ሲያዋህዱ ሁለት ቡድኖች በአንድ ስም ይገናኛሉ። የፓሎ አልቶ ማዕከላዊ ማስተዳደሪያ የሆነው ፓኖራማ በራሱ ነባሪ አሠራር ከታች ባለው የመሣሪያ ቡድን የተፈጠረውን ከላይ ካለው የጋራ ነገር ያስቀድማል። ሌላው አምራች ሌላ ልማድ ሊኖረው ይችላል። አንዱ «ገላን» ሌላውን በሸፈነበት ቅጽበት «ከገላን ወደ ደመወዝ ሰርቨር ፍቀድ» የሚለው ሩል አንድም ፊደል ሳይነካ የሚደርስባቸው ሰዎች ይለወጣሉ። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ከመዋሃዱ በፊት ስሞቹን መነሻቸውን በሚናገር ቅጥያ መለየት፣ ይዘታቸውን አውጥቶ በአድራሻ ማነጻጸር፣ በስም ብቻ አለመተማመን። ከባድ የሚሆነው ከተዋሃዱ በኋላ የትኛው ሩል የትኛውን «ገላን» አስቦ እንደተጻፈ ማወቅ ነው። የጻፈው ሰው ሥራ ለቅቆ ይሆናል።

ተመራማሪዎች ይህን ችግር ማጥናት ከጀመሩ ቆይተዋል። አቪሻይ ዎል በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የ37 ፋየርዎሎችን ሩሎች መርምሮ፣ የሩሉ ስብስብ በተወሳሰበ ቁጥር ስህተቱም እንደሚበዛ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ኮንፊጉን እንደ ሒሳብ ቀመር የሚያነቡ መሣሪያዎች መጥተዋል። ባትፊሽ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር የአሮጌውንና የአዲሱን ኮንፊግ ፋይል ተቀብሎ አንዱ የሚፈቅደው፣ ሌላው የሚከለክለው ትራፊክ ካለ ምሳሌውን አውጥቶ ያሳያል። መሣሪያው ሳይሰካ፣ ፋብሪካው ሥራ ሳያቆም። ሁሉንም አምራች አይደግፍም፤ ለሚደግፈው ግን በእጅ ማንም የማይጨርሰውን ይሠራል።

መሣሪያ ለሌለው ደግሞ የጥያቄ ወረቀት አለ። ዞኖቹን በአግድምም በቁልቁልም ጽፎ፣ ከእያንዳንዱ ወደ እያንዳንዱ ምን መድረስ እንዳለበትና ምን መድረስ እንደሌለበት ከለውጡ በፊት መወሰን ነው። ይህን መወሰን ያለበት የአይቲ ክፍሉ ብቻ አይደለም፤ የደመወዝ ሰርቨሩን ማን መንካት እንዳለበት የሚያውቀው የፋይናንስ ኃላፊው ነው። ከዚያ ሙከራው በሁለቱም በኩል ይሄዳል። የእኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሞክሩት መሥራት ያለበት መሥራቱን ብቻ ነው። የገላኗን ኢንጂነር ሥራ የማደንቀው መዘጋት ያለበትን ለመክፈት ስለሞከረች ነው። ያ ሙከራ አንድ ስልክና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር የፈጀው።

አሮጌው ሳጥን ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱ ሩል ስንት ጊዜ እንደተነካ የሚያሳየውን ቆጣሪ መዝግቦ ማስቀመጥም ይጠቅማል። ከዝውውሩ በኋላ ባሉት ሳምንታት አሮጌው ላይ ብዙ የሚነካ የነበረ ክልከላ አዲሱ ላይ ዜሮ ካሳየ ከላዩ የሆነ ነገር እየቀማው ነው። የክፍያ ካርድ መረጃ የሚይዙ ተቋማት የሚገዙበት ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለው ደረጃ የፋየርዎል ሩሎች ቢያንስ በየ6 ወሩ እንዲገመገሙ ያዛል። ከዝውውር በኋላ ግን 6 ወር መጠበቅ ረጅም ነው፤ የመጀመሪያው ግምገማ በሳምንቱ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

በሲስተም ላይ የሚደረግ የተለመደ ሥራ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል አገራችን በአንድ ሌሊት አይታለች። መጋቢት 6 ቀን 2016 ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተፈጠረው ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ብሔራዊ ባንክ ምክንያቱ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ እክል መሆኑን ገለጸ፤ ባንኩም የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታወቀ። በኋላ ባንኩ ይፋ ያደረገው የወጣው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ይህ የፋየርዎል ዝውውር አልነበረም። ሆኖም ገንዘብ የማይገባው ሰው ገንዘብ ሲወጣለት ደውሎ ሲስተሙ ተሳስቷል የሚል ጥቂት መሆኑን አሳይቶናል። ለማይገባው የተከፈተ ነገር ከተጠቃሚው በኩል አቤቱታ አይመጣበትም።

አሁን ደግሞ ጉዳዩ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ድርጅት ተገቢውን የቴክኒክና የአሠራር ጥበቃ እንዲያደርግ ግዴታ ጥሎበታል። የሠራተኞች ፋይል፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የካሜራ ምስል የግል መረጃ ነው። መቀየሪያው ፕሮግራም «ስህተት የለም» ብሎ ነበር ማለት ድርጅቱን ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚያወጣው አይመስለኝም።

ስለዚህ በገላንም ሆነ በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ ይህን ሥራ ለሌላ ድርጅት በጨረታ የምትሰጡ ሥራ አስኪያጆች፣ በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ሥራው ተጠናቀቀ ተብሎ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው፣ መሥራት ያለበት መሥራቱን ከሚያሳየው ሪፖርት ጋር መከልከል ያለበት ከእያንዳንዱ ዞን ተሞክሮ መከልከሉን የሚያሳይ ሪፖርት ሲቀርብ ብቻ ይሁን። ሪፖርቱን ሳታዩ አትፈርሙ።